በልጆች የአእምሮ ሆስፒታል በካውንስለርነት ልጀምር ነው፤ ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

የሰላም_እናት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሜሪላንድ ውስጥ ከ6 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ተኝተው በሚታከሙበት የአእምሮ ሆስፒታል «ሜንታል ኸልዝ ካውንስለር» በሚል መደብ ተቀጥሬአለሁ። ኦሬንቴሽን በሚቀጥለው ሰኞ ይጀመራል። ሺፍቱ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 5 ሰዓት ነው። የአገር ቤት ዲግሪዬ በሳይኮሎጂ ነው።

የሥራ መዘርዝሩ «ልጆችን ይደግፋል፣ ደህንነታቸውን ይጠብቃል፣ ግሩፕ ይመራል» ከማለት አያልፍም። ስምንቱ ሰዓት በምን ያልፋል? ልጅ ሲነሳበት መያዝ አለብኝ ወይ፣ ሕጉስ ምን ይላል? የ15 ደቂቃ ቼክ የሚሉት እንዴት ነው የሚሠራው? ደግሞ ሰዓቱ ለላይሰንስ ይቆጠራል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የማታ_ሺፍት

የሰላም እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። መጀመሪያ የመደቡ ስም እንዳያሳስትሽ። እዚያ ካውንስለር ማለት ቢሮ ዘግቶ ልጅ የሚያማክር ሰው አይደለም፤ ያ የቴራፒስቱና የሶሻል ወርከሩ ድርሻ ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ይህንኑ ሥራ ቢኤችቲ ወይም ሳይክ ቴክ ይለዋል። ቴራፒስቱ ልጁን በቀን ለአንድ ሰዓት ቢያገኘው ነው፤ የቀረውን ቀን ልጁ የሚውለው ካንቺ ጋር ነው። ማስበላት፣ ማጫወት፣ ማስተኛት፣ በየመሃሉ ደግሞ ማየት። ከሁሉም የሚከብደው ማየቱ ነው።

የማታው ሺፍት በሪፖርት ይጀምራል። ሪፖርት ላይ «ደህና ነው የዋለው» የሚል ቃል አትቀበዪ። ስለ እያንዳንዱ ልጅ አራት ነገር ጠይቂ፦ የክትትል ደረጃው ምንድን ነው፣ ዛሬ ምን አስቆጣው፣ ሲቆጣ ምን ረዳው፣ ከማን ጋር አንድ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከዚያ ግሩፕ (ልጆቹ አንድ ላይ የሚቀመጡበት የጋራ ክፍለ ጊዜ)፣ ራት፣ ስልክና ጉብኝት፣ መታጠቢያ፣ መድኃኒት፣ መኝታ እያለ ይሄዳል። ግጭት የሚበዛባቸው ሰዓቶች የታወቁ ናቸው፦ ሺፍት ሲቀየር (ሠራተኛው ሁሉ ነርስ ጣቢያ ተሰብስቦ ልጆቹ ብቻቸውን የሚቀሩበት ሰዓት ነው)፣ ከቤት ስልክ በኋላ፣ «ነገ ትወጣለህ» የተባለ ልጅ ቀኑ ሲገፋበት፣ እና መኝታ ላይ። መኝታን አትናቂው። በቤቱ ሌሊት የተጎዳ ልጅ መብራት ሲጠፋ ነው የሚነሳበት። እንዲህ ያለውን ልጅ «አስር ደቂቃ ቀርቶሃል፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ እኔ ነኝ ያለሁት» ብሎ አስቀድሞ መንገር ከማንኛውም ቁጣ ይሻላል።

ወደ ቼኩ ልምጣ። 15 ደቂቃ ማለት በሁለት ቼክ መካከል ከ15 ደቂቃ አይበልጥም ማለት ነው እንጂ በ00፣ በ15፣ በ30፣ በ45 ትዞሪያለሽ ማለት አይደለም። በሰዓቱ እየጠበቅሽ ከዞርሽ ልጆቹ በሁለት ቀን ያጠኑታል፤ ራሱን ሊጎዳ የፈለገ ልጅ ካለፍሽ በኋላ 14 ሙሉ ደቂቃ እንዳለው ያውቃል። አንዴ በ9ኛው፣ አንዴ በ13ኛው፣ አንዴ በ6ኛው ደቂቃ ሂጂ። ልጁን በዓይንሽ እይ። ሽንት ቤት ካለ አንኳኪና በድምፅ ይመልስልሽ፤ ካልመለሰ ትገቢያለሽ። ተኝቶ ከሆነ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቁጠሪ። ባትሪውን ፊቱ ላይ አታብሪ፣ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ወለል አዙሪው። ብርድ ልብሱ አንገቱንና ራሱን ከሸፈነ ገልጠሽ እይ፤ ቢነቃም ይንቃ።

ወረቀቱን (ወይም ታብሌቱን) አይተሽ ወዲያው ሙዪ። አስቀድሞ መሙላት፣ ወይም አራቱን ቼክ ሰብስቦ በአንዴ መፈረም፣ በዚህ ሥራ ሰው የሚባረርበት ዋናው ምክንያት ነው። ኮሪደሩ ላይ ካሜራ አለ፤ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው የካሜራው ሰዓትና የፊርማሽ ሰዓት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ አትሂጂ፣ ለሚቀጥለው ሰው በእጁ ስጪው።

«ዋን ቱ ዋን» (ለአንድ ልጅ አንድ ሠራተኛ) ከተመደብሽ ደግሞ ከልጁ ያለሽ ርቀት አንድ ክንድ ነው። ሽንት ቤትም አብረሽ ነሽ፤ ሰው ሳይተካሽ ለግማሽ ደቂቃም አትነሺም። ስልክ ማየት ጭራሽ የለም።

ዕቃን በተመለከተ ገመድ ያለው ሁሉ ይወጣል፦ የጫማ ማሰሪያ፣ የሹራብ ኮፍያ ክር፣ ቀበቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ። የሽቦ ጥምዝ ያለው ደብተር፣ ስቴፕል፣ የእርሳስ መቅረጫ፣ መስታወት፣ ፌስታል፣ አልኮል ያለበት ሽቶና የአፍ መጉመጥመጫም እንዲሁ። እርሳስና ማንኪያ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። 12 ወጥቶ 11 ከተመለሰ ማንም ከክፍሉ ሳይወጣ ለቻርጅ ነርሷ (የሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) ንገሪ። «ኋላ ይገኛል» ብለሽ ብታሳልፊው መኝታ ላይ በልጅ ክንድ ላይ ታገኚዋለሽ። የቴሌቪዥን ሪሞትና ዘፈን የሚዘፍን መጫወቻ ባትሪም አለ። በተለይ ክብ ጠፍጣፋዋ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ማቃጠል ስለምትችል እንደ ድንገተኛ ነው የሚታየው።

ነርሷ_ከአሌክሳንድሪያ

የመያዙን ነገር እኔ ልመልስ።

ልጅ መያዝ (ሪስትሬንት) ወይም ለብቻው ክፍል ዘግቶ ማስቀመጥ (ሴክሉዥን) የሚፈቀደው ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰውን አሁኑኑ ሊጎዳ ሲል፣ ሌላው መንገድ ሁሉ አልሠራ ሲል ብቻ ነው። ስለተሳደበ፣ ስላልታዘዘ፣ ወንበር ስለገለበጠ አይያዝም። ለቅጣት መያዝ ክልክል ነው። የፌዴራሉ ደንብ ትዕዛዙን በዕድሜ ይገድበዋል፦ ከ9 ዓመት በታች 1 ሰዓት፣ ከ9 እስከ 17 ዓመት 2 ሰዓት፣ 18 እና ከዚያ በላይ 4 ሰዓት። ይህ ጣሪያው ነው። ልጁ እንደተረጋጋ፣ በሦስተኛው ደቂቃም ቢሆን፣ ይለቀቃል። በተጀመረ በ1 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ወይም ለዚህ የሠለጠነ ነርስ ፊት ለፊት ሊያየው ይገባል። «ካስቸገረ ያዙት» የሚል አስቀድሞ የተጻፈ ትዕዛዝም አይሠራም።

ይህ ደንብ ከመሬት አልበቀለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ሃርትፎርድ ኩራንት የተባለው ጋዜጣ በአሥር ዓመት ውስጥ በመያዝና በማግለል ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ የሞቱ 142 ሰዎችን ዘርዝሮ አወጣ። ከዚያ በኋላ ነው የ2000ው የሕፃናት ጤና ሕግ የመጣው፣ ቁጥጥሩም የጠበቀው።

ልጁን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ክብደት ነው። በሆዱ ተደፍቶ ጀርባው ላይ ሰው ሲጫነው ደረቱ መስፋት ያቅተዋል፤ አስም ያለበት፣ ወፍራም የሆነ፣ አሁን የበላ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። «መተንፈስ አቃተኝ» ሲል አንዳንድ ሠራተኛ «ካወራህማ ትተነፍሳለህ» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ቃል ለማውጣት የምታስፈልገው አየር ትንሽ ናት፤ ያንን ቃል ስትሰሚ ልቀቂ። በየመያዙ አንድ ሰው እጁን ሳያስገባ ፊቱን፣ ከንፈሩን፣ ትንፋሹን ብቻ የሚያይ መኖር አለበት። አዲስ ስለሆንሽ ያ ሥራ ላንቺ ይሰጥሽ ይሆናል። ቀላል እንዳይመስልሽ፤ «ልቀቁ» የማለት ሥልጣን ያለሽ ያኔ ነው።

ሥልጠና ሳትጨርሺ ግን ማንንም አትያዢ። ሆስፒታሉ ሲፒአይ ወይም ቲሲአይ የሚባሉትን ወይም ሌላ የማረጋጋትና የአያያዝ ሥልጠና ይሰጥሻል፤ ከሌላ ቦታ የተማርሽውን አያያዝ እዚያ አትጠቀሚ። ሁለት ሰው በሁለት ዓይነት አያያዝ ሲይዝ ነው የልጅ ክንድ የሚሰበረው።

ሌላው፣ ካውንስለሮች «ጠባይ» ብለው የሚጽፉት ብዙ ነገር የመድኃኒት ውጤት ነው። ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፔሪዶን የጀመረ ልጅ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ከተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ መንጋጋው ከተቆለፈ ዲስቶኒያ (መድኃኒቱ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር) ነው፤ ሮጠሽ ነርስ ጥሪ፣ መርፌ ሲሰጠው በደቂቃዎች ይለቀዋል። መቀመጥ አቅቶት ኮሪደሩን የሚመላለስ፣ ቆሞ እግሩን የሚያቀያይር ልጅ ደግሞ አካቲዥያ (መድኃኒቱ የሚያመጣው ዕረፍት ማጣት) ሊሆን ይችላል። «ተቀመጥ ብዬው እምቢ አለ» ብለሽ ብትጽፊ ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርበት ይችላል፣ ያን ጊዜ ይብስበታል። ሊቲየም የሚወስድ ልጅ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ሳይውል ሳያድር ንገሪ። ክሎኒዲን ወይም ጓንፋሲን የሚወስደው ከአልጋ ብድግ ሲል ሊዞርበት ይችላል፤ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይቁም። የትኩረት መድኃኒት የሚወስደው ምሳ አይበላም፣ መድኃኒቱ ሲለቀው ከሰዓት በኋላ ይነጫነጫል። በሺፍትሽ መጀመሪያ የምታገኚው ይህን ልጅ ነው፤ ከግሩፑ በፊት የሚቀመስ ስጪው።

አብዲ_ሚኒሶታ

ከላይ ያሉት ልክ ናቸው፤ ግን ስለ መያዝ ብዙ ተወርቶ ከመያዝ በፊት ስላሉት አምስት ደቂቃዎች ምንም አልተባለም። አብዛኛው መያዝ በትንሽ «አይሆንም» ነው የሚጀምረው። ሁለተኛ ጭማቂ አይሆንም፣ ስልኩ አልቋል፣ ወደ ክፍልህ ግባ። ልጁ ያኮርፋል፣ ሠራተኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላ ሠራተኛ ይደርብበታል፣ ሌሎቹ ልጆች ከበው ያያሉ፣ ልጁም ፊታቸው ላይ ማፈግፈግ ያቅተዋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ያውራ። የተናደደውን ልጅ ከመጎተት ይልቅ ሌሎቹን ልጆች ይዘሽ ውጪ፤ ተመልካች ሲጠፋ ግማሹ ንዴት ይወርዳል። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ጎን ብለሽ ቁሚ፣ አንድ ሜትር ከምናምን ራቂ፣ እጅሽ ይታይ፣ በሩን አትዝጊበት። ከአምስት ስድስት ቃል የበለጠ ዓረፍተ ነገር አትናገሪ፤ የተቆጣ ልጅ ረጅም ንግግር አይሰማም። ሁለት ምርጫ ስጪ፣ ሁለቱም አንቺ የምትቀበያቸው ይሁኑ፦ «እዚህ ትቀመጣለህ ወይስ ወደ መረጋጊያው ክፍል እንሂድ?» ከዚያ ዝም። በልብሽ እስከ 20 ቁጠሪ። እዚች ዝምታ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ ልጁ ሊመልስ ሲል ሦስተኛ ትዕዛዝ ይጨምርበታል።

«ተረጋጋ» የሚለው ቃል ማንንም አረጋግቶ አያውቅም። ከኋላ መጥቶ ትከሻ መንካትም በእኛ ባህል ፍቅር ነው፣ እዚያ ግን የተመታ ልጅ ዞሮ ይመታሻል። ፈቃድ ጠይቂ።

በነጥብና በደረጃ የሚሠራ ዩኒት ከሆነ (ነጥብ ሰብስቦ ደረጃ አንድ፣ ሁለት እያለ መብት የሚያገኝበት) ነጥብ በንዴቱ መሃል አትቀንሺ። እኔ አሠራሩን ራሱን አልወደውም። ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ደንታ አይሰጠውም፤ በብዛት እዚያ የሚቀሩት ደግሞ በጣም የታመሙት ናቸው።

የማታ_ሺፍት

አብዲ፣ በነጥቡ አንስማማም። ለትንንሾቹ፣ ለ6 እና 7 ዓመቶቹ፣ ወዲያው የሚሰጥ ተለጣፊ ኮከብ ይሠራል። ችግሩ የሳምንት ደረጃው ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ አርብ ለሚያገኘው ነገር ሰኞ አይታገስም። በቀረው ልክ ነህ።

የሰላም_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ልጨምር። አካባቢው ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ የእኛ ልጆች መምጣታቸው አይቀርም። ወላጆቹ እንግሊዝኛ ካልቻሉ እኔ ላስተርጉምላቸው? ጾምና ማተብስ እንዴት ይደረጋል? ደግሞ ከሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን ብገናኝ?

ነርሷ_ከአሌክሳንድሪያ

የሰላም እናት፣ ሰላምታና «ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው» ማለት ትችያለሽ። መድኃኒት፣ ምርመራ፣ ስምምነት ፊርማና የመውጫ መመሪያ ግን ሆስፒታሉ ፈትኖ በአስተርጓሚነት ካልመዘገበሽ በቀር አትንኪ። በስልክ ወይም በቪዲዮ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣ መጠየቅ የወላጁ መብት ነው፣ ክፍያም የለውም። ከሁሉ የከፋው ልጁን ራሱን ማስተርጎም ነው። የፌዴራል ደንቡ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ይከለክለዋል፤ ደግሞስ የ12 ዓመት ልጅ «ልሞት ፈልጌ ነበር» ያለውን ለእናቱ እንዴት አድርጎ ይተረጉማል?

ማተብ ክር ነው፣ ስለዚህ በብዙ ዩኒት እንደ ማነቂያ ገመድ ይቆጠራል። መቀስ ይዘሽ እንዳትቀርቢ። ለወላጁ በአስተርጓሚ ምክንያቱን ንገሪ፣ ራሳቸው ይፍቱት ወይም ይቁረጡት፣ ስም በተጻፈበት ፖስታ ከዕቃው ጋር ይመዝገብ፣ ሲወጣ በእጃቸው ይመለስ። በምትኩ የመስቀል ወይም የእመቤታችን ሥዕል በወረቀት እንዲኖረው ቻርጅ ነርሷን ጠይቂ። የሙስሊም ሴት ልጅ ሻሽም እንዲሁ ነው፤ ያለ ስፒልና ያለ ረጅም ጫፍ በራስ የሚጠለቅ አንድ ወጥ ሂጃብ የሚያቀርቡ ሆስፒታሎች አሉ፣ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ጾም ላይ ረቡዕና አርብ የጾም ምግብ ከወጥ ቤት ማዘዝ ቀላል ነው፤ ቪጋን ብለው ያመጡታል። የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ለምሳሌ ዚፕራሲዶን 500 ካሎሪ ያህል ምግብ ከሌለው በቅጡ ወደ ደም አይገባም። ምግብ የመጥላት ሕመም ያለባት ልጅ ደግሞ ጾምን መደበቂያ ልታደርገው ትችላለች። አንቺ አትፍረጂ፣ ለቡድኑ አሳውቂ። ቤተሰቡ የሚያምነው ቄስ የታመመ ሰው አይገደድም ቢላቸው ከእኛ ከአሥራችን ቃል ይልቅ ይሰሙታል። ጠበልንም አትከራከሪ። የሚያስፈራው ጠበሉ አይደለም፣ መድኃኒቱ በአንድ ቀን መቆሙ ነው። ክሎኒዲን ለምሳሌ ድንገት ሲቆም የደም ግፊት ያሻቅባል። «እንወስደዋለን» ካሉሽ የዚያኑ ቀን ለሶሻል ወርከሯ ንገሪ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የሚሆንበትን እነሱ ይነጋገሩ።

ቤተ ክርስቲያን ካገኘሻቸው ቀድመሽ ሰላም አትበዪ። እነሱ ከጠሩሽ እንደ ማንኛውም ሰው ሰላም በያቸው፣ ከየት እንደምትተዋወቁ ግን ለባልሽም አትናገሪ።

ኤልሲፒሲ_መንገድ

የላይሰንሱን ወሬ ልቁረጥልሽ። አይቆጠርም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ለካውንስሊንግ ላይሰንስ የ60 ክሬዲት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይጠይቃሉ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሱፐርቫይዘር ሥር ለዚያው ተብሎ ሲሠራ ነው። ቨርጂኒያ ከዲግሪው በኋላ 3,400 ሰዓት ትላለች። በዩኒቱ ላይ በካውንስለርነት የሠራሽው ሰዓት ከዚህ አይገባም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ለማስተርስ ስታመለክቺ ሚዛን ይደፋል፣ የሆስፒታሉ የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ካለም ትጠቀሚያለሽ። የቅጥር ክፍሉን መቼ እንደሚጀምርልሽ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። የአገር ቤት ዲግሪሽን ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝር ግምገማ አሁኑኑ አስጀምሪ፤ ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲ በፖስታ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል።

ሌላ ማንም ያላነሳው ጽሑፍ ነው። ቻርት ላይ የሚጻፈው ያየሽውና የሰማሽው እንጂ የመሰለሽ አይደለም። «ልጁ ዛሬ ባለጌ ነበር፣ ትኩረት ፈልጎ ረበሸ» ብሎ መጻፍ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ይልቅ እንዲህ፦ «17:42 ከእናቱ ጋር ስልክ ከጨረሰ በኋላ ወንበር ወደ ግድግዳ ወረወረ። ‹አትመጣም› አለ። ሁለት ምርጫ ተሰጠው። 17:50 በራሱ ወደ መረጋጊያው ክፍል ሄደ። 18:05 ወደ ግሩፕ ተመለሰ፣ ጉዳት የለም።» ከዚህ ላይ ሐኪሙ ስልኩን ያያል፣ ሶሻል ወርከሯ ለእናቲቱ ትደውልላታለች። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፊ፣ ቀኑን ወር አስቀድመሽ። የእኛ ሰው ድካም ሲጫነው 5 ሰዓት ለማለት 5 ብሎ ይጽፋል፣ 23:00 መሆን ሲገባው።

ልጅ «ልንገርሽ፣ ግን ለማንም አትናገሪ» ካለሽ አስቀድመሽ «ያንተ ወይም የሌላ ሰው ደህንነት ከሆነ ለነርሷ መናገር አለብኝ» በዪው። ቤት ውስጥ እንደሚመታ ወይም እንደሚነካ ከነገረሽ ዝርዝር አትጠይቂ፣ ቃሉን እንዳለ ያዢ። ሜሪላንድ ውስጥ ሪፖርቱ ወዲያው በቃል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ለማኅበራዊ አገልግሎት መድረስ አለበት። ለአለቃ መንገር ብቻውን አይበቃም፤ ግዴታው ባንቺም ላይ ነው።

የማታ_ሺፍት

ልብስ አልጠየቅሽም ግን ልንገርሽ። የመታወቂያ ማንጠልጠያሽ ሲጎተት የሚበጠስ ዓይነት ይሁን። የተንጠለጠለ የጆሮ ጌጥ፣ ሐብልና ነጠላ የለም፣ ጸጉርሽን ጠቅልለሽ እሰሪ። ከኋላው የተዘጋ የማያንሸራትት ጫማ። እስክሪብቶሽን የደረት ኪስ ውስጥ አታንጠልጥዪው፤ ከሱሪሽ የፊት ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ከዩኒት ስትወጪም መኖሩን ዳብሺ።